የሉሊ እንቁላሎች

ሰኔ 22፣ 2017፣ እሁድ

ሲምረት ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በራሷ ተነሳች። ማንም አልቀሰቀሳትም። ከጥር ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብተሩ ለጄኔሬተር መዝገብ ተገዝቶ ቢሮ የተረፈ ነው። እኔ ነገር ካልጻፍኩ አይረጋልኝም። ለባለቤቴ ለአይናለም እንዳልነግራት የራሷ ጭንቀት ይበቃታል። ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ እዚህ። ያለውን በተራ፦

1. ልጃችን ሲምረት ሃያ ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ጥር ላይ አቋርጣ መጣች። ሀኪሙ ድብርት ነው አለ። መድሃኒት ትወስዳለች። ተኝታ ነው የከረመችው።

2. እኔ ካዛንቺስ አንድ የኪራይ ህንጻ ላይ ጥገና ነው የምሠራው። ሦስተኛ ፎቅ ትኖር የነበረች ፈረንጅ ግንቦት ላይ አገሯ ስትገባ፣ ሁለት እንሽላሊት ከነመስታወት ቤታቸው ሰጠችኝ። ከነጅራታቸው ስንዝር ያክላሉ። ቢጫ ሆነው እንደ ነብር ነጠብጣብ አላቸው። ሲያዩህ ዓይናቸውን እንደ ሰው ይጨፍናሉ።

3. ልጥላቸው ነበር። ሲምረት ከአልጋዋ ሆና አየቻቸውና «አባ፣ ተዋቸው» አለች። በዚያ ሳምንት ከተናገረችው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው።

4. ሴቷን ሉሊ፣ ወንዱን ነብሮ አለቻቸው።

ዛሬ የተነሳችው ሉሊ እንቁላል ስለጣለች ነው። ሁለት ናቸው። ነጭ፣ ሞላላ፣ የአውራ ጣቴን ጫፍ ያክላሉ፣ ቅርፊታቸው እንደ ቆዳ ለስላሳ። ሲምረት በሾርባ ማንኪያ አንስታ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ከሥራቸው ችግኝ ሻጮች የሚጠቀሙበት የኮኮናት ገለባ አለ፣ ትንሽ እርጥብ። ከዚያ እያንዳንዱ እንቁላል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረገች።

ነጥቡን ሳይ ደስ አለኝ። ቢሾፍቱ ጫጩት ማስፈልፈያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በኛ ጊዜ ማሽኑ በራሱ አያገላብጥም ነበር። አንድ ጎኑ ላይ ምልክት እናደርጋለን፣ በቀን ሦስቴ በእጅ እናገላብጣለን፣ የተገላበጠውን በምልክቱ እናውቃለን። ለልጄ ይህን ነግሬያት አላውቅም። በደሟ ነው ያወቀችው ማለት ነው።

ሰኔ 23

የጽዳት ዝርዝር ጻፈች። ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። እንዳለ ልገልብጠው፦

— ጠዋት ጥጉን ማየት፣ ያለውን በሶፍት ማንሳት
— ውሃ በየቀኑ
— ወለል ላይ ጋዜጣ፤ አሸዋ አይገባም፣ ይውጡታል
— መጠለያው ውስጥ ያለው ስፖንጅ እርጥብ ይሁን፣ ግን እንዳይሻግት
— ቅዳሜ ሙሉ እጥበት፦ መጀመሪያ ሳሙና፣ ቀጥሎ በረኪና አንዱን በአስር ውሃ፣ አስር ደቂቃ፣ ሦስቴ ማለቅለቅ፣ ሽታው እስኪጠፋ ማድረቅ
— ነብሮና ሉሊ ለየብቻ
— እጅ መታጠብ፣ በፊትም በኋላም
— የእንቁላሉ ሳህን በቀን አንዴ ብቻ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል

ጥጉ ማለት፣ እነዚህ እንስሳት የሚጸዳዱት አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። ሁልጊዜ እዚያው። ከህንጻችን ተከራዮች ስንቶቹ ይህን አይችሉም።

የነብሮን ቤት ከተዘጋ ሱቅ ሾውኬዝ ነው የሠራሁት። ከላይ ወንፊት፣ ከጎን የአየር ቀዳዳ።

በረኪናው የኔ የመሳሪያ ሳጥን ውስጥ ነው፣ በቁልፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴ በርዤ በጆግ እሰጣታለሁ። መድሃኒቷንም አይናለም ናት የምትሰጣት። ለምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

ሰኔ 25

ሲምረት ነጥቡን አድርጋ ማገላበጡን ረሳችው። ሁለት ቀን አየኋት፣ ክዳኑን ከፍታ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ በቃ። ረሳሽ ብላት «ጥፋት ሠራሁ» ብላ ቀኑን ሙሉ ትሸፈናለች፣ አውቃታለሁ። ስለዚህ በዝምታ እኔ ልሥራው። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አገላብጣለሁ፣ ማታ እሷ ሳትከፍተው ነጥቡን ወደ ላይ እመልሳለሁ። በቀን ሁለቴ። ሦስት ቢሆን ይሻል ነበር፣ ግን ሥራ አለ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሙሉ እጥበት። ሲምረት መስታወቱን ግቢ አውጥታ ስታለቀልቅ ጎረቤታችን እትዬ ራሂማ ከለገሃር ገበያቸው ገቡ። የተሰጣ እህል እንደሚያልፍ ሰው ሰፊ ዙሪያ ዞረው በግድግዳው ጥግ አለፉ።

«በድሉ፣ እውነት ነው? እንሽላሊት ታረባላችሁ?»

«ሁለት ናቸው እትዬ።»

«አሁን ሁለት። ሲፈለፈሉ በኔ ግድግዳ ነው የሚመጡት።»

«ግድግዳ አይወጡም። እግራቸው አይለጠፍም።»

«አንተ ነገርካቸው?»

ሲምረት «ይግቡ እትዬ፣ ላሳይዎት» አለች።

«እኔ? ልጄ ዓብዱልሀኪም ይሙት አልገባም። ለገሃር ስንት ኪስ አውላቂ በጫማዬ አባርሬያለሁ፣ እሱን ግን አልችልም።» ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። «ሽታ የለውም ግን። የኔ ዶሮዎች እንኳን ይሸታሉ።»

ሲምረት ሳቀች። በአፍንጫዋ ነው የሳቀችው፣ ቢሆንም ሰማሁት። አይናለም ከማድቤት ቀና ብላ አየችኝ።

ለእትዬ ራሂማ ዶሮዎች ጭምር አመሰገንኩ።

ሐምሌ 2

መብራት ጠፋ። ከስድስት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ተኩል። ዝናብ። ብርድ። ከሳህኑ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ በረደ።

ሲምረት ሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ በሳህኑ ግራና ቀኝ አስቀመጠች። የኔ ሐሳብ አይደለም፣ የራሷ ነው። በቴርሞሜትሩ ሙቀቱ ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ ቆመ።

አገላብጫለሁ። ጠዋትም ማታም።

ሐምሌ 4፣ አርብ

መጻፍ አቅቶኛል ግን ልጻፈው።

ከሥራ ስገባ ሲምረትና እትዬ ራሂማ በራፍ ላይ ናቸው። እትዬ ራሂማ ስለ እንቁላሉ ጠየቁ፣ «ታገላብጪዋለሽ አይደል፣ እንደ ዶሮ?»

«ኧረ አይገላበጥም እትዬ። ዶሮና እሱ ይለያያሉ። እዚህኛው ላይ ሽሉ ከላይ በኩል ይጣበቃል። ከተገለበጠ ይሞታል። ነጥብ ያደረግኩበት ለሱ ነው፣ በድንገት ቢነቃነቅ የቱ ጎን ላይ እንደነበር እንዳውቅ።»

እኔ የእግሬን ጭቃ እጠርግ ነበር። ለረጅም ጊዜ ጠረግኩ።

አስራ ሁለት ቀን ነው። ጣልቃ የገባሁበት ዘጠኝ። በቀን ሁለቴ። አስራ ስምንት ጊዜ።

ሐምሌ 5

አልነገርኳት።

ምናልባት አልሞቱም። ስለሌላው እንስሳ ሊሆን ይችላል የተጻፈው። ሥራ ቦታ በስልክ ፈለግኩ። እውነቷን ነው።

ሐምሌ 8

ክፍሉን አጨልማ በስልክ መብራት አየቻቸው። ጤነኛው ቀይ የደም ሥር ያሳያል አለች። የኛዎቹ ቢጫ ናቸው፣ ምንም የለም። አንዱ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ።

«እጄ ይሆናል» አለች። «በደንብ አልታጠብኩ ይሆናል።»

አጠገቧ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «አይ፣ ንጹህ ነሽ» አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው።

ሐምሌ 9

ሙሉ እጥበት አደረገች። ቅዳሜ አይደለም፣ ረቡዕ ነው። በረኪና ጠየቀችኝ፣ በርዤ ሰጠኋት። መስታወቱን ታጥባ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አይናለም «በቃሽ የኔ ልጅ» ስትላት «የሆነ ቦታ ቆሻሻ አለ እማ» አለቻት።

ሐምሌ 10

ዛሬም። ጣቶቿ መሀል ቆዳው ተሰንጥቋል። ቫዝሊን ገዛሁላት። ሰው የገደለውን ነገር ቫዝሊን አይሸፍነውም፣ አውቃለሁ።

ሁለቱንም እንቁላል ጣለቻቸው። በሶፍት ጠቅልላ።

ሐምሌ 11

አልተነሳችም።

ሐምሌ 12

አልተነሳችም። የሉሊን ውሃ እኔ ቀየርኩ። ለእንሽላሊቶቹ ምግብ ለምናረባቸው ትሎች ፉርሽካ ጨመርኩላቸው። ጥጉን ጠረግኩ። ዝርዝሩን ሁሉ አንድ በአንድ ሠራሁ። ስጨርስ ክፍሏ በር ላይ ቆሜ ሉሊ ደህና ናት አልኳት። ፊቷን አልመለሰችም።

ማታ ለአይናለም ነገርኳት። ሁሉንም፣ ነጥቡንም፣ አስራ ስምንቱንም። ምስር ትለቅም ነበር፣ እጇን አላቆመችም።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅቷ እጄ ነው ብላ ቆዳዋን ልጣ ስትጨርስ ዝም አልክ?»

«ከነገርኳት የባሰ ትታመማለች ብዬ ነው። በአባቷ ማዘን ይጨመርበታል።»

«በድሉ፣ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ተኝታለች እኮ። ንገራት። ነገ ንገራት፣ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፣ ከኔ ብትሰማው ደግሞ ያንተ ነገር ያከትማል።»

ልክ ናት። ይህችን ሴት ለሰጠኝ አመሰግናለሁ፣ ስትቆጣኝም ጭምር።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

በተራ ልጻፈው፣ አለበለዚያ ይደባለቅብኛል።

ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ወንበር ይዤ ክፍሏ ገባሁ። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

«ሲምሪ፣ እንቁላሎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት።

ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዋ ሳበች።

«እንደ ዶሮ መስሎኝ አገላበጥኳቸው። ዘጠኝ ቀን። ጠዋት ጠዋት ወደ ታች፣ ማታ ማታ ወደ ላይ። አንቺ እንዳታውቂ። እጅሽ ምንም አላደረገም።»

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ዞረች። ፊቷ ላይ የትራሱ መስመር አለ።

«ምን አልክ?»

ደገምኩት።

ተነስታ ተቀመጠች። «ማን ንካ አለህ?»

«ማንም።»

«ሰው አይጠይቅም? አፍ የለህም?» ድምጿ ከፍ አለ። ድምጿ ከፍ ካለ ስንት ወር ሆኖት ነበር። «አንድ ቃል! ‹ሲምረት፣ ይህ ነጥብ ምንድነው?› አራት ቃል ነው! ሳምንቱን ሙሉ እጄን በረኪና ውስጥ ስነክር እያየኸኝ?»

«ጥፋተኛ ነኝ።»

«ሁሌ እንደዚህ ነህ። ሁሉንም በዝምታ ነው የምትሠራው። የክፍሌን ቁልፍ በዝምታ ነቀልከው። በረኪናውን በዝምታ ቆለፍክ። እማ መድሃኒቴን እየቆጠረች ነው የምትሰጠኝ፣ ሁለታችሁም ጎንበስ ብላችሁ ነው የምታዩኝ። ያላየሁ መስሏችኋል? እኔም ነጥብ ያለብኝ እንቁላል ነኝ?»

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

«ምኑን?»

ቃሉን አላወጣሁትም። «እንዳናጣሽ» አልኩ።

ግቢ ውስጥ የእትዬ ራሂማ ሬዲዮ ይሰማል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምጽ «እሺ። ጠይቀኝ። ፊት ለፊት ጠይቀኝ፣ እመልስልሃለሁ» አለች።

ጠየቅኳት። አባት ልጁን ይህን መጠየቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር። መለሰችልኝ። የመለሰችውን እዚህ አልጽፍም፣ የሷ ነው። ይህን ብቻ ልጽፍ፣ የካቲት ላይ የነበረው ሐሳብ አሁን የለም አለች። ቢመለስ ትነግረኝ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ እነግርሃለሁ አለች። ሐሙስ ሀኪሙ ጋ ሦስታችንም አብረን ልንሄድ ተስማማን፣ ለሱም ልትነግረው። በረኪናው እሱ እስኪያየን ድረስ እኔ ጋ ይቆያል፣ ግን አሁን ተነጋግረን ነው። እሷም «ይቆይ» ብላለች።

ስወጣ አይናለም ኮሪደሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ጮኸችብህ» አለችኝ።

«ጮኸችብኝ።»

«በደንብ ጮኸች» አለች። ሁለታችንም ደስ ብሎን ነው እንጂ ሌላ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሲምረት ወጥታ የሉሊን ቤት አየች። «ስፖንጁን አላረጠብከውም» አለችኝ።

ዛሬ የማመሰግንባቸው፦ ጩኸቱ። ስፖንጁ።

ሐምሌ 14

ዝርዝሩ ሥር አዲስ መስመር ተጽፏል፣ በትልቁ፦ «አባ እንቁላል አይነካም።» ሥሩ ደግሞ፦ «አባ ቅዳሜ መስታወት ያጥባል።»

ፈረምኩበት። እውነቴን ነው፣ እስክሪብቶ አውጥቼ ፈረምኩ። ፋራ አለችኝ።

ሐምሌ 17

ሀኪሙ ጋ ሄድን። ሲምረት ብቻዋን ሃምሳ ደቂቃ ገባች። ከዚያ እኛን ጠራን። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። የቆለፍነው እንደተቆለፈ ለጊዜው ይቆይ፣ ዋናው መጠየቃችሁ ነው አለን። መጥፎ ቀን ከመጣ የት እንደምንደውል በወረቀት ጻፈልን። ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት።

ስለ እንሽላሊቶቹ ጠየቃት። ለአስር ደቂቃ አስረዳችው። ሀኪሙ እግሩን ወንበር ሥር ሲሰበስብ አየሁት፣ እሱም የሚፈራ ይመስለኛል።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ሉሊ እንደገና ሁለት ጣለች። ከነብሮ ብትለይም ከበፊቱ ደጋግማ ትጥላለች ብላኛለች ሲምረት።

ከሥራ እስክገባ ጠብቃኛለች። «ና፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግና ተመልከት» አለችኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ከስፖንጁ ሥር አወጣቻቸው፣ ሳታዞር፣ እንደነበሩ፣ ነጥብ አደረገች። ስታነሳቸው ትንፋሽ አልተነፈስኩም። ሳህኑን ከመጠቀሟ በፊት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጥባዋለች፣ ገለባውም አዲስ ነው።

«ስንት ቀን?» አልኳት።

«ከሃምሳ እስከ ስልሳ።»

ቆጠርኩ። መስከረም መጀመሪያ።

እኔ ደግሞ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ «ሁለቱም ባይሆኑስ?»

«አላውቅም አባ። ያን ጊዜ ጠይቀኝ።»

ሐምሌ 27

በመብራት አየች። አንዱ ባዶ ነው፣ ሌላኛው ቀይ የደም ሥር አለው። ጠራችኝና አሳየችኝ። እንደ ቅጠል ጅማት ነው። ዘጠኝ ዓመት ያየሁት ነገር ነው፣ ግን ደግማ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት።

ባዶውን አወጣች። ሳህኑን ጠረገች። ቀኑን ሙሉ ቀልቤ እሷ ላይ ነበር። ማታ በልታለች፣ ትንሽ።

አሁን አንድ ነው ያለን። እኔ አንድ ነገር ላይ መንጠልጠል አልወድም። በማስፈልፈያው አንድ ትሪ ቢበላሽ ሌላ ትሪ አለ።

ነሐሴ 6

መብራት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ቆየ። ሰፈሩ ሁሉ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ሲምረት ደወለች። «ጋዝ አልቋል። ውሃ የማሞቅበት የለኝም። ሙቀቱ ሃያ አራት ገብቷል።»

ህንጻው ላይ ጄኔሬተር ጥዬ መምጣት አልችልም። አሳንሰር ውስጥ ሰው ቢቀርስ። «እትዬ ራሂማን ጠይቂ» አልኳት።

ማታ ስገባ የሳህኑ ዙሪያ ሦስት ፔርሙዝ ቆሟል። ሁሉም የእትዬ ራሂማ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በሩ ላይ ወንበር አስገብተው፣ ጀርባቸውን ለእንሽላሊቶቹ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«እንዳይበርድብሽ ብዬ ነው እንጂ ለነሱ አይደለም» ይሏታል ሲምረትን።

«ይዙሩና አንዴ ይዩዋት እትዬ፣ እያየችዎት ነው።»

«ትየኝ። እኔ አላያትም።»

ፔርሙዞቹን ስመልስ አጥቤ፣ አድርቄ ነው የመለስኩት። «ምን ልክፈልዎት» ስላቸው «ሲወጣ እኔ ጋ እንዳይመጣ፣ በቃ» አሉኝ።

ነሐሴ 15

ሲምረት ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ አንድ ኮሌጅ ሄዳ ቅጽ አምጥታለች። ብቻዋን፣ በታክሲ። ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው የሚለው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። ከዚያ አስታውሼ ጠየቅኳት፦ «ልታመለክቺ ነው?»

«እያሰብኩ ነው።»

መጠየቅ ቀላል ሆኖ አያውቅም፣ ግን ይቻላል።

ነሐሴ 24

ትናንት መጥፎ ቀን ነበር። ራሷ መጥታ ነገረችኝ። «አባ፣ ዛሬ ከባድ ነው» አለች። አይናለም ሥራ ቀረች፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ላይ ደወልን፣ ዛሬ ሲምረት ሀኪሙ ጋ ገባች። መጥፎ ቀን ሆኖ ያለፈ ቀን ማለት ምን እንደሆነ አሁን ነው ያወቅኩት። ለመናገሯ አመሰግናለሁ።

እንቁላሉን በዚያ ቀን የጠበቀችው አይናለም ናት። ክዳኑን በሁለት ጣት፣ እንደ ትኩስ ድስት።

ጳጉሜ 3

እንቁላሉ አድጓል። የርግብ እንቁላል ያክላል። ሲምረት በመብራት ስታየው ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሞልቷል ማለት ነው። አንዴ ተንቀሳቀሰ አለች። እኔ አላየሁም፣ አምኛታለሁ።

አዲስ የሕጻን ቤት ሠራሁ። ትንሽ፣ ክዳኑ ወንፊት። ሲምረት ጠርዙን በጣቷ ዳብሳ «እዚህ ጋ ስለታም ነው» አለች። በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁት።

መስከረም 1፣ 2018

መልካም አዲስ ዓመት ለዚህ ደብተር።

አርባ ሰባተኛ ቀን። ቅጹን አስገብታለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ሳህኑ አጠገብ ሲያልፍ በእግሩ ጫፍ ይራመዳል። እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ በቀን ስንቴ እንደማስብ፣ ይህ ባይሆንስ እያልኩ። ልጅቷ አልጋ ውስጥ ስትገባ ይታየኛል። ይህን ለአይናለምም አልነገርኳትም። እሷም ይህንኑ እያሰበች ነው፣ ምስር ስትለቅም አውቃታለሁ።

መስከረም 9

ሃምሳ አምስተኛ ቀን። እንቁላሉ ትንሽ ጎደጎደ። ሲምረት ከመውጣቱ በፊት እንዲህ ይሆናል፣ ላብም ያወጣል አለች። ላብ አላየሁም።

መስከረም 10

ሽታ አለ። ቀላል ነው። ሁለታችንም ሸተተን። ከዚያ ተያየን።

«ነገ ድረስ እንጠብቅ?» አልኩ።

«ነገ ድረስ» አለች።

መስከረም 11፣ እሁድ

ሞቷል።

አራት ሰዓት ላይ ትንሿን መቀስ አፍልታ፣ እጇን ታጥባ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አነጠፈች። «ተቀመጥ አባ» አለችኝ። አይናለም በሩ ላይ ቆመች። ቅርፊቱን በስሱ ቀደደችው። ውስጡ ሙሉ ነው። እግር፣ ጅራት፣ ጥፍር ሳይቀር። ሰውነቱ ላይ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት፣ የሉሊ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። ዓይኑ የተጨፈነ። ለመውጣት ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

እኔ እሱን አላየሁም ማለት ይቻላል። የማየው እሷን ነው። እጇን፣ አንገቷን፣ ትከሻዋ ሲወርድ ሲወጣ። ሁለት ወር ሙሉ የፈራሁት ደቂቃ ይህ ነው፣ ይኸው መጣ፣ እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ የምይዘው ነገር የለኝም።

በመስመሪያ ለካችው። ስምንት ሴንቲ ከምናምን። ደብተሯ ላይ ጻፈች። ቀኑን፣ መብራት የጠፋባቸውን ቀናት፣ ሙቀቱን። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

ያን ጊዜ ጠይቀኝ ብላኝ ነበር። ጠየቅኳት። «ምን ይሰማሻል?»

«ያሳዝናል» አለች። «በጣም ደርሶ ነበር። ብርዱ ይመስለኛል። ወይ ሌላ ነገር፣ አላውቅም። የኔ ጥፋት አይመስለኝም።» ወዲያው ደግሞ ቀና ብላ አየችኝ፣ «ያንተም አይደለም።»

በወረቀቱ ጠቀለለችው። ግቢ ውስጥ እትዬ ራሂማ ጎመን የዘሩበት ጥግ ላይ ቀበርነው። እትዬ ራሂማ መስኮት ላይ ሆነው እያዩ ነበር፣ «ጎመኔ!» አላሉም። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገቡ።

ሲምረት ሳህኑን አጠበች። አንዴ። በሳሙና፣ በበረኪና፣ ሦስቴ አለቀለቀች፣ ጸሐይ ላይ ደፋችው። ሁለተኛ አላጠበችውም። እጇን ጠርጋ ማድቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ራበኝ። ምሳ ምንድነው?»

አይናለም የድስቱን ክዳን ከፍታ መልሳ ከደነችው፣ ጀርባዋን ነበር የማየው። «ምስር ነው» አለች በመጨረሻ።

በላን። ሲምረት ሁለቴ አስጨመረች። ጨው አንሶታል አለች። አይናለም ተነስታ ጨው አመጣች።